ዝም ብሎ የሚሠራ ትእዛዝና የነጋዴው ፈቃድ

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ነገር ግን በጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ዝም ብሎ የሚሠራ ትእዛዝ፣ ባለቤቱ ካልተጠነቀቀ፣ ወርቅነቱ ቀርቶ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

በሀዋሳ ከተማ ብዙ አስመጪዎች፣ ላኪዎችና ባለሱቆች የሒሳብ መዝገባቸውንና የጉምሩክ ሰነዳቸውን ለኮምፒውተር ዐደራ ሰጥተዋል። ባለሙያው ያረጀ ፕሮግራም ከብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ለማራገፍ ሲፈልግ፣ ትእዛዙን በአንድ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በሁሉም ላይ በዝምታ ያስኬደዋል። ይህ ጊዜ የሚቆጥብ መልካም ዘዴ ነው። ችግሩ የሚመጣው፣ ጸሐፊው ሰነድ በመጻፍ ላይ ሳለ ኮምፒውተሩ ሳያስጠነቅቅ ጠፍቶ እንደገና ሲነሣ ነው። ያልተቀመጠው ጽሑፍ ይጠፋል፤ ደንበኛውም ቆሞ ይጠብቃል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «መብራት ነው» ይላል። መብራት መቋረጡ እንግዳ ነገር ባይሆንም፣ ፍርዱ ከማስረጃ በኋላ ይሁን። ኢቨንት ቪወር በተባለው የዊንዶውስ መዝገብ ላይ 1074 ቁጥር ከተገኘ፣ ኮምፒውተሩን ያስነሣው የፕሮግራም ትእዛዝ ወይም ሰው ነው፤ ስሙም አብሮ ሰፍሯል። 41 ቁጥር ብቻ ከሆነ ግን በሥርዐት ሳይዘጋ መቋረጡን ስለሚያመለክት፣ ኤሌክትሪኩን መጠርጠር ይገባል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዊንዶውስ ኢንስቶለር የሚያራግፈው ፋይል በሥራ ላይ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሪስታርት መደረግ ሊያስፈልገው ይችላል። በተለመደው አሠራር ተጠቃሚውን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ በፍጹም ዝምታ ሲታዘዝ ግን ካልተከለከለ በቀር ሳይጠይቅ ያስነሣዋል። መከልከያው «ኖሪስታርት» የተባለው ቃል ሲሆን፣ በትእዛዙ ላይ መጨመር አለበት። ያን ጊዜ ኢንስቶለሩ 3010 የሚል ቁጥር ይመልሳል፤ ይኸውም ሥራው ተከናውኖ ሪስታርት ብቻ እንደቀረ ያስረዳል እንጂ ስሕተት አይደለም። 1641 ከመለሰ ግን ሪስታርቱን ራሱ ጀምሯል ማለት ነው። በዚህ ኢንስቶለር ያልተሠሩ ፕሮግራሞች የየራሳቸው መከልከያ ስላላቸው፣ አስቀድሞ በአንድ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ብልህነት ነው።

መከልከል ማለት ጨርሶ መተው አይደለም፤ የቀረው ሪስታርት ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ይፈጸም። ስለዚህ ነጋዴው ከባለሙያው ጋር ሲዋዋል ይህንኑ በጽሑፍ ያሰፍር። ሰዓቱን መወሰን የባለቤቱ እንጂ የማሽኑ ሥልጣን አይደለምና።