የእንቁጣጣሽ ሥዕል ከልጆች እጅ እንዳይወጣ

መስከረም 1 ቀን ማለዳ፤ ልጃገረዶች ዐደይ አበባና እንግጫ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞሩ፤ ወንዶች ልጆች ደግሞ በወረቀት ላይ የሣሉትን አበባ፥ ፀሐይና መልአክ ይዘው ወደ ጎረቤት ይገባሉ። የቤቱ ባለቤትም ሥዕሉን ተቀብሎ አይቶ አመስግኖ፤ ለልጁ ገንዘብ ወይም ዳቦ ሰጥቶ፤ ለከርሞ በሰላም ያድርስህ ብሎ መርቆ ይሸኘዋል። ይህ ልማድ የማንም ትእዛዝ ሳይኖርበት በሕዝቡ በጎ ፈቃድ ብቻ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

ዳሩ ግን ከቅርብ ዘመን ወዲህ በከተሞች ሌላ ነገር ይታያል። ልጁ ይዞት የሚመጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ እርሱ የሣለው ሳይሆን፤ በማተሚያ ቤት የታተመ ወይም በፎቶ ኮፒ መኪና የተባዛ፤ ከመንገድ ዳር ተገዝቶ የመጣ ነው። ፊተኛው ልጅ የሰጠውና ኋለኛው ልጅ የሚሰጠው ሥዕል መልኩ አንድ ነው። የቤቱም ባለቤት አንዱን ካየ ሁሉን ያየ ያህል ስለ ሆነ፤ ሁለተኛውን ሳይመለከት ገንዘቡን ይሰጣል፤ ልጁም ሥዕሉ ይታይ አይታይ ሳይገደው ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ስጦታው ንግድ፤ ምርቃቱም ሒሳብ ይሆናል።

ይህ ነገር ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ልጆቹ በዓመት አንድ ቀን እንኳ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ለሌላ ሰው የሚሰጡበትን ልማድ ያጣ እንደ ሆነ፤ ያንን ልማድ በኋላ በአዋጅ ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ ልማዱ ፈጽሞ ሳይጠፋ፤ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ሳሉ፤ ለልጆች ማስተማር ይገባል።

የመልካም ምኞት ካርድ በእጅ ለመሥራት ብዙ ሀብት አያስፈልግም። ጠንከር ያለ ወረቀት ተቆርጦ ለሁለት ሲታጠፍ የካርዱ ገላ ይሆናል። በላዩም ውሃ የበዛበት ቀለም በስሱ ይቀባል፤ ይህም መደቡ ነው። መደቡ ሳይደርቅ ሌላ ቀለም የተጨመረበት እንደ ሆነ፤ አንዱ ወደ አንዱ ፈስሶ ይደፈርሳል፤ ስለዚህ የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ትምህርቱ ትዕግሥት ነው። ከደረቀ በኋላ በብሩሽ ሥዕሉ ይሣልበታል፤ ከነጠላ ጥለት የተረፈ ቁራጭ፥ የአሮጌ ጋዜጣ ቅዳጅ፥ የደረቀ ቅጠልና ሣር ተመርጦ በሙጫ ይለጠፍበታል። በሌላ ቀን ወደ ቆሻሻ የሚጣለው ነገር በዚህ ቀን ጌጥ ይሆናል።

ቅርጹን ደጋግሞ ለማውጣት የሚፈልግ ልጅ ደግሞ ሁለት መሣሪያ አለው። አንደኛው በመሥሪያ ቤት ልማድ ስቴንስል የሚባለው ነው። ቀድሞ ደብዳቤ በማባዣ መኪና ሲባዛ ያዩ ሹማምንት፤ ሰም በተቀባው ወረቀት ላይ ፊደሉ ተወግቶ ቀለሙ በዚያ ቀዳዳ እንዴት ያልፍ እንደ ነበረ ያስታውሳሉ። የካርዱም ሥራ በዚያው ሥርዓት ነው። በጠንካራ ወረቀት ላይ የአበባ ወይም የፊደል ቅርጽ በምላጭ ይቀደዳል፤ ወረቀቱም በካርዱ ላይ ተጋድሞ በቀዳዳው ቀለም ይነካበታል። ቀለሙ ውሃ የበዛበት እንደ ሆነ ከቅርጹ ጠርዝ በታች ሾልኮ ሥራውን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ቀለሙ ወፍራም፥ ብሩሹ ወይም ስፖንጁ ደረቅ ሊል፥ እጁም ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ሊነካ ይገባል እንጂ መጥረግ አይገባም።

ፊደል ለመቅደድ የተነሣ ልጅም ወዲያው አንድ ነገር ይማራል። ዐይኑን አንድ ክብ አድርጎ የቀደደው እንደ ሆነ፤ የውስጡ ክብ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ወድቆ ይቀርና ፊደሉ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ሁለት ዓይን ያለው መም እንደዚሁ ነው፤ እንቁጣጣሽ በሚለው ቃል ውስጥ ያለው ቁም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ውስጡን ከውጭው ጋራ የሚያያይዝ ቀጭን ድልድይ ሊተውለት ያስፈልጋል። አንድ ሕፃን ይህን በአንድ ቀን ከተማረ፤ ዕድሜውን ሁሉ ሲያነባቸው ለሚኖሩት ፊደላት መልክና አቋም ዓይኑ ይከፈታል።

ሁለተኛው መሣሪያ ማኅተም ነው። ድንች ለሁለት ተቆርጦ፥ ወይም ላጲስ ወይም እንጨት ተቀርጾ፤ ቀለም ተቀብቶ በወረቀቱ ላይ ይታተማል። ማኅተም በእጁ ያለ ሹም ሁሉ እንደሚያውቀው፤ በማኅተሙ ላይ ያለው ጽሕፈት የተገለበጠ ነው፤ ሲታተም ግን ይቃናል። እንቁጣጣሽ የሚለውን ቃል የሚቀርጽ ልጅ ከቀኝ ጀምሮ ወደ ግራ እያንዳንዱን ፊደል ገልብጦ መቅረጽ አለበት። ሠና ጠ ቢገለበጡም ብዙም አይታወቅባቸውም፤ የንና የሽ ስሕተት ግን ወዲያው ይገለጣል። ቸኩሎ እንደሚያነበው አድርጎ የቀረጸ ልጅ ቃሉ ተገልብጦ ሲወጣ አይቶ ይስቃል፤ ሁለተኛም አይሳሳትም። የራስን ስሕተት አይቶ መሳቅና ዳግመኛ መጀመር ለሰው ልጅ ትልቅ ትምህርት ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው፤ ስቴንስልም ማኅተምም አንዱን ቅርጽ የሚያባዙ ከሆኑ ከፎቶ ኮፒው በምን ይለያሉ፤ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም፤ የሚወቀሰው ማባዛቱ አይደለም፤ እጅ ከሥራው ፈጽሞ መውጣቱ ነው፤ የሚል ነው። በማኅተም የሚሠራ ልጅ ቀለሙን ይመርጣል፥ ስፍራውን ይወስናል፥ እጁን ያከብዳል ወይም ያቀልላል፤ ስለዚህ ከአንድ ድንች ሃያ አበባ ቢያወጣ ሃያው ሁሉ ልዩ ልዩ ነው። ለአያቱ የሠራውን ከሌላው ይለየዋል። የተባዛውን ወረቀት የያዘው ልጅ ግን ለማን እንደሚሰጠው ሳያስብ ከላይ የመጣለትን ያነሣል።

በዚህ ነገር የሌላ አገር ታሪክም ምስክር ነው። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. የደብዳቤ መላኪያ ዋጋ ወደ አንድ ፔኒ በመውረዱ ሰው ሁሉ መጻጻፍ ጀመረ። ሄንሪ ኮል የሚባለው የመንግሥት ሹም በዚያ የፖስታ ሥራ የተካፈለ ሰው ነበረ፤ በ1843 ዓ.ም. የልደት በዓል ሲቀርብ ለሚደርሱት ደብዳቤዎች ሁሉ መልስ ለመጻፍ ጊዜ ስላጣ፤ ጆን ካልኮት ሆርስሊ የሚባለውን ሠዓሊ ካርድ እንዲሥልለት ለመነው። ካርዱም አንድ ሺህ ያህል ሆኖ በድንጋይ ማተሚያ ታተመ፤ እያንዳንዱም በአንድ ሺልንግ ይሸጥ ነበር። ለንግድ የታተመ የመጀመሪያው የልደት ካርድ የሚባለው ይህ ነው። እንግዲህ የታተመ ካርድ የተወለደው ከሹም ጊዜ ማጣት ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ያም ካርድ ቢሆን ቀለሙ የተቀባው በሰው እጅ ነበረ፤ የላኪውና የተቀባዩ ስም በእጅ የሚጻፍበት ባዶ ስፍራም ተትቶለት ነበር። ጊዜ ያጣው ሹም እንኳ እጅን ከካርዱ ፈጽሞ አላስወጣም።

በጃፓንም ሠዓሊዎች ልጥ ከሚሆን ዛፍ የተሠራውን ወረቀት በፍሬ ጭማቂ እያጠነከሩ፤ ቅርጽ እየቀደዱበት ጨርቅና ወረቀት ሲያቀልሙ ኖረዋል። ሴሪዛዋ ኬይሱኬ የሚባለው ባለሙያ በዚህ ጥበብ የቀን መቁጠሪያና የመጽሐፍ ልባስ ይሠራ ነበር፤ በ1956 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጃፓን መንግሥት ከአገሪቱ የጥበብ ቅርስ ጠባቂዎች አንዱ አድርጎ ሰየመው። ፋብሪካ የሞላበት አገር ወረቀት ለሚቀድድ ሰው ይህን ያህል ክብር መስጠቱ፤ መኪና ስላለ እጅ አያስፈልግም ለሚሉ ሰዎች በቂ መልስ ነው።

ለኢትዮጵያ ግን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች፤ ብራናቸው ተመርምሮ በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል የተሠሩ መሆናቸው ታውቋል፤ በውስጣቸውም በአምድና በወፍ ያጌጡ ገጾች እስከ ዛሬ ቀለማቸው አልጠፋም። ከዚያም ወዲህ ቁም ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመር ሲያወጣ፥ በጥቁር ቀለም ሲጽፍ፥ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ሲለይ፥ በምዕራፉ ራስጌ ሐረግ ሲሥል ኖሯል። ሐረጉ አንድ ቅርጽ እየተደጋገመ የሚሄድ ነው፤ ነገር ግን የሁለት ጸሐፊዎች ሐረግ አንድ ሆኖ አይገኝም። ሐረግ የሚያስተምሩ ሊቃውንት ባሉበት አገር፤ ሕፃኑ ለአዲስ ዓመት የሚሰጠውን አበባ ከመንገድ ዳር መግዛቱ የሚያሳዝን ነው።

ይህን የሚቃወም ሰው የሚያቀርበው ምክንያት አይጠፋም። ድኻው ልጅ በዚያ ቀን ጥቂት ገንዘብ ያገኛል፤ የተባዛው ወረቀት ብዙ ቤት ያዳርሰዋል፤ ለምን ይከለከላል፤ ይላል። ማንም ይከልክለው የሚል የለም። ነገር ግን ገንዘቡን የሚሰጠው የቤቱ ባለቤት ነው፤ እርሱም በእጅ ለተሠራው አብልጦ የሰጠ እንደ ሆነ፤ ልጁ ያለ ክልከላ ወደ እጁ ሥራ ይመለሳል። ሌላውም፤ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚለውን ተረት ያነሣ ይሆናል። ተረቱ ስለ እራት እውነት ነው፤ ስለ ስጦታ ግን አይደለም። የእራት ዋጋው መጥገቡ ነው፤ የስጦታ ዋጋው ግን የሰጪው ድካም ነው። ፀሐይዋ ጠማማ፥ የመልአኩም አንዱ ክንፍ አጭር ቢሆን፤ ያ ጠማማነት የአንድ ልጅ መሆኑ ይታወቃልና ከቀናው የፋብሪካ ሥራ ይበልጣል።

ሥራው ሊጀመርበት የሚችል ጊዜና ስፍራም አለ። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ ዝናሙም ልጆችን በቤት ያስቀምጣቸዋል። በዚህ ጊዜ የቀበሌ አዳራሽ አንድ ክፍሉን፥ ሰንበት ትምህርት ቤትም አንድ ከሰዓቱን ለካርድ ሥራ ቢሰጥ፤ ወጪው ወረቀት፥ ጥቂት ቀለምና አንድ ቁና ድንች ነው። ምላጩን ታላላቆቹ ይያዙ፤ ታናናሾቹ ይቀቡ። ሐረግ የሚያውቅ መሪጌታ ወይም ዲያቆን አንድ ቀን መጥቶ አንድ ሐረግ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በልጆቹ ፊት ቢሥል፤ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይታወሳል። የሥዕል መምህራንም ወጣቶቹን ቀለም መቀመም ያስተምሩ።

ሹማምንትም በበኩላቸው የሚያደርጉት አለ። ለአዲስ ዓመት ከየመሥሪያ ቤቱ የሚላከው የመልካም ምኞት ካርድ ብዙ ጊዜ የላኪው ፊርማ እንኳ ታትሞበት ይወጣል፤ ተቀባዩም ከፍቶ ሳያነበው ከሌሎቹ ጋራ ያኖረዋል። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያሳትመው ብዙ ካርድ ጥቂቱን ቀንሶ በአጠገቡ ባለው ትምህርት ቤት ልጆች እጅ ቢያሠራ፤ አለቃውም ስሙን በገዛ እጁ ቢጽፍበት፤ ልጆቹ የሥራቸውን ዋጋ ያገኛሉ፤ የተቀበለውም ሰው ይከፍተዋል። ቁጥሩ ያንሳል እንጂ ምኞቱ አያንስም።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን በየቤቱ የሚደረገው ነው። መስከረም 1 ቀን ልጅ በር ሲመታ፤ የቤቱ ባለቤት ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ ሥዕሉን ይመልከት፤ አንተ ነህ የሣልኸው ብሎ ይጠይቅ። አዎን ያለ እንደ ሆነ፤ ይህች ወፍ ምንድን ናት፥ ይህንስ ቀለም ከምን አገኘኸው ብሎ ጨምሮ ይጠይቀው፤ ሥዕሉንም በግድግዳው ላይ ይለጥፈው። ልጁ በሚመጣው ዓመት በዚያው በር ሲገባ ያለፈውን ሥራውን ተለጥፎ ያገኘው እንደ ሆነ፤ የተባዛ ወረቀት ይዞ ለመምጣት ያፍራል። ልማዱን የሚጠብቀው ይህ እፍረትና ይህ ደስታ ነው።