ከመሠረቱ ጉድጓድ የወጣው አፈር ይመርመር

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የብረቱንና የቆርቆሮውን ዋጋ ነው። ከመሠረቱ ተቆፍሮ በዳር የተከመረውን አፈር ግን መንገድ እንደ ዘጋ ጥራጊ ያየዋል እንጂ ጎንበስ ብሎ በእጁ የሚያሸው ጥቂት ነው። እኛ እንደሚመስለን ስለ ቤቱ ዕድሜ ከብረቱ ይልቅ ያ ክምር ብዙ ይናገራል።

እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም መሬታቸው አንድ አይደለም። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋ፥ በሣርና በወተት የታወቀ ሜዳ ነው፤ ዝቅ ባለው ቦታ ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ሰበታ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ወደ ሜዳ ይወርዳል። በቡራዩ ዳገት ደግሞ ቀይ አፈር ይገኛል። ስለዚህ የሌላው ቤት በደኅና መቆሙ ለእኛ ቦታ ዋስትና አይሆንም።

ጥቁሩን አፈር አማርኛ ተናጋሪው ዋልካ ወይም መረሬ፥ የኦሮሞ ገበሬ ኮትቻ ይለዋል። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ገበሬው ዝናሙ ካባራ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽንብራና ጓያ ያበቅልበታል፤ ለቤት ግን ይህ ጠባዩ ጠላት ነው። በጥር ሲቆፈር ዶማ የሚመልስ ድንጋይ መስሎ ያታልላል። ቆፋሪው «መሬቱ ጠንካራ ነው» ይላል፤ በሐምሌ ያው መሬት ጫማ ይውጣል።

«የኔ ቤት ፎቅ አይደለም፤ ምን ያሠጋኛል?» የሚልም አለ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከባድ ሕንፃ የሚያብጠውን አፈር በክብደቱ ተጭኖ ሊይዘው ይችላል፤ ቀላሉን የብሎኬት ቤት ግን አፈሩ ወደ ላይ ያነሣዋል። ያውም እኩል አያነሣውም፤ ዳር ዳሩ ሲረጥብ መካከሉ ደረቅ ሆኖ ይቀራልና ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል፥ በሩም አልዘጋ ይላል። የአባቶቻችን የጭቃ ቤት እንጨቱ እየተለመጠ፥ ግድግዳው እንደገና እየተመረገ ይኖር ነበር፤ ብሎኬት ይህ ትዕግሥት የለውም።

ክምሩን መመርመር ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ ከየጥልቀቱ የወጣውን ለየብቻ ማስቀመጥ ነው፤ ድንጋዩ ከሚያርፍበት ጥልቀት የወጣው ከላይኛው ጋር ከተደባለቀ ምርመራው ከንቱ ነው። ከዚህ አፈር እፍኝ አርጥቦ በመዳፍ ሲያድቦለብሉት ሳይበጠስ እንደ ክር ከቀጠነ ያጠራጥራል። ከዚያም አድርቆ፥ አድቅቆና በወንፊት ነፍቶ፥ ቀጥ ባለ ብርጭቆ አንድ ጣት ያህል መለካት፤ ውሃ በያዘ ተመሳሳይ ብርጭቆ ቀስ እያሉ መነስነስና በማግሥቱ የረጋውን ማየት ነው። መሐንዲሶች ይህንኑ 10 ሴንቲ ሜትር ኩብ አፈር ይዘው በመለኪያ ብልቃጥ ይሠሩታል። ሆልትዝና ጊብስ የተባሉ አሜሪካውያን በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ጭማሪው ከመቶ 50 በታች ሲሆን ብዙም አያሠጋም፤ 100 ያህል ሲደርስ ግን ለቀላል ቤት አደገኛ ነው። የብርጭቆው ሙከራ የላቦራቶሪውን አይተካም፤ ላቦራቶሪና መሐንዲስ ማስፈለጉን ግን አስቀድሞ ይነግራል።

ከሁሉ የሚያሳዝነን የመኪና ኪራይ ለመቆጠብ ሲባል ያው ጥቁር አፈር ተመልሶ ከወለሉ ሥር መሞላቱ ነው። ዋልካው ተጠርጎ ይውጣ፤ በምትኩ የማያብጥ ገረጋንቲ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተነጠፈ ይጠቅጠቅ። ዋልካው ጥልቅ ሆኖ ተቆፍሮ የማያልቅ እንደሆነ የመሠረቱን ዓይነት መሐንዲስ ይወስን እንጂ ግንበኛው በግምት አይቁረጥ።

በዳገት ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ከላይ የተቆረጠው አፈር ወደ ታች ተገፍቶ ቤቱ ግማሹ በነባሩ መሬት፥ ግማሹ በላላው ሙሌት ላይ ይቆማል፤ ሙሌቱም ሲሰምጥ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አፈሩ ቀይ መሆኑ ብቻ አያድነውም።

ቤቱ ካለቀ በኋላም የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ከግድግዳው ማራቅ ያሻል። ባሕር ዛፍንም በግድግዳ ጥግ አለመትከል ነው፤ ሥሩ በበጋ የዋልካውን እርጥበት በአንድ ወገን መጥጦ ያኮማትረዋልና።