ወላጅን ስለ መጦርና ወላጅን ስለ ማፍለስ

በከተማችን ብዙ ሰዎች የሚመሰገኑበት፣ ነገር ግን መርምሮ የሚያየው የታጣ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም በከተማ ሥራ ይዞ ቤት ያገኘ ልጅ፣ አባቱና እናቱ ባረጁ ጊዜ ከባላገር አንሥቶ ወደ ራሱ ቤት ማምጣቱ ነው። ጎረቤቱ ይህን ሲሰማ «ተባረክ» ይለዋል፤ የሥራ ባልደረባው «ወላጅን መጦር እንዲህ ነው» እያለ ያወድሰዋል፤ የንስሐ አባቱም ደስ ይላቸዋል። ምስጋናው ከየአቅጣጫው ሲጎርፍ ግን፣ ፈቃዳቸውን ማንም ያልጠየቃቸው ሁለት ሰዎች በዚያ ቤት ማዕዘን ተቀምጠዋል፤ እነርሱም አባትና እናት ናቸው።

ወላጅን መጦር የታዘዘ ነገር ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ወላጅን ወደ ራስ ማቅረብም ብዙ ጊዜ መልካም ነው። ነገር ግን ሽማግሌውን ብቻ አምጥቶ፣ ሽማግሌውን ሰው ያሰኘውን ነገር ሁሉ ወደ ኋላ መተው መጦር አይደለም፤ ማፍለስ ነው። ከተሜውም ፍልሰቱን ጡረት ብሎ ስለ ጠራው የፍልሰቱ ሕማም አይቀልም።

እስቲ ሽማግሌ በአገሩ ሳለ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አንድ የጎጃም ወይም የመንዝ አባት ጉልበታቸው ቢደክምም ሥራቸው ገና አልተፈጸመም። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ የጥንቱን ድንጋይ ያሳዩ ዘንድ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ ለእርቅ የሚቀመጡት እርሳቸው ናቸው። በሰንበቴው ተራቸው የታወቀ ነው፤ በማኅበሩ ጽዋቸው ይጠበቃል፤ በዕድሩም ብዙ ዘመን ቀብረዋልና የራሳቸው ቀብር አያሳስባቸውም። እናትም እንዲሁ ናቸው። ለዘር የሚሆነውን እህል ለመምረጥ፣ አራስ ለመጠየቅና ሐዘንተኛ ለማጽናናት ከሁሉ በፊት የሚፈለጉት እርሳቸው ናቸው፤ ቡናቸው በፈላ ጊዜ ሦስት ቤት ይሰበሰባል። የዚህ ሁሉ ስሙ ክብር ነው። ክብር ደግሞ በሻንጣ ተጭኖ አይመጣም፤ የሚኖረው በሚያውቁን ሰዎች ልብ ውስጥ ነውና፣ ሰዎቹ በቀሩበት እርሱም ይቀራል።

እንግዲህ እኒህ ሰዎች ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ የሚያገኛቸውን እንይ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በከተማው የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለብዙ ሺህ ቤተ ሰብ መጠለያ ሆነዋል፤ ይህ የማይካድ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና ሊፍት የሌላቸው ናቸው። ዕጣው በአራተኛው ፎቅ የወጣለት ልጅ አባቱን በዚያ ሲያኖር፣ ጉልበት የሚያምመው ሽማግሌ ደረጃውን ስንት ጊዜ ሊወርድ ይችላል ብሎ አይጠይቅም። በባላገር ሳሉ ማልደው ቤተ ክርስቲያን ይስሙ የነበሩት አባት፣ በከተማ ደወሉን በመስኮት እየሰሙ በአልጋቸው ላይ ያማትባሉ። አገዳ ቈርጠው፣ ከብት ነድተው፣ አጥር አጥረው የኖሩት እጆች በጉልበታቸው ላይ ታጥፈው ይውላሉ። ልጃቸው ማታ ሲገባ «አባዬ፣ ምን ጐደለብዎ? እርስዎ ብቻ ይረፉ» ይላቸዋል። ሥራ ላልተለየው ሰው ዕረፍት ጸጋ ነው፤ ሥራ ለተነጠቀ ሰው ግን ዕረፍት ከቅጣት አይለይም።

ከዚህም የከፋ አለ። «እናቴን አምጥቼ እጦራለሁ» ከሚሉት ሰዎች መካከል፣ እናት የመጡት የመጀመሪያው ልጅ በተወለደ በወሩ የሆነባቸው ጥቂቶች አይደሉም። ሕፃኑን የሚያጥቡ፣ የሚያበሉና ሲያለቅስ በጀርባቸው የሚያዝሉ እናት ናቸው፤ ሠራተኛዋ ስትሄድ ቤቱን የሚጠብቁም እናት ናቸው። አያት የልጅ ልጅን ማቀፍ ደስታ መሆኑን ማንም ያውቃል። ነገር ግን ደስታውን ለሰጠ ሰው ምስጋና ሲገባ፣ ተቀባዩ ራሱን ሰጪ አድርጎ «ጦርሁ» ብሎ መናገሩ ምን ይባላል? በዚያ ቤት የተጦረው ማን እንደ ሆነ ጎረቤት ቢያጣራ መልካም ነበር።

የወረቀቱም ነገር ቀላል አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የሚይዘው የመጠቀም መብቱን እንጂ የሚሸጥ ርስት አይደለም። የገጠር መሬት ሕጎችም ብዙውን ጊዜ ይህን መብት በአገሩ ከመኖርና በግብርና ከመተዳደር ጋራ ያያይዙታል። እንግዲህ አባት መሬታቸውን ማን በእኩል እንደሚያርሰው በጽሑፍ ሳያስወስኑ ቤታቸውን ዘግተው ቢመጡ፣ ሊመለሱ በወደዱ ቀን የሚያርፉበት ስፍራ ሊያጡ ይችላሉ። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ያላቸው እንደ ሆነም መድኅኑ የተመዘገበው በአገራቸው በቤተ ሰቡ ስም ነው፤ በአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ደጅ እንደ ልብ አያገለግልም። በከተማው ነዋሪ ተብሎ ለመታወቅም ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ማምጣት ያስፈልጋል። መሸኛው ሳይመጣ የመጡ ወላጅ በአገራቸው የሉም፣ በከተማውም አልተመዘገቡም፤ በሁለት ደጅ መካከል የቆሙ ናቸው። ልጅ ግን ይህን ሁሉ ሳያስብ በሬውን አሽጦ፣ ዶሮውን ለጎረቤት አሰጥቶ፣ በሩን በቁልፍ አስዘግቶ ይመጣል።

ነገሩ ባሕር ሲሻገር ደግሞ ይብሳል። በአሜሪካ ዜግነት ያገኘና ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ልጅ ለወላጆቹ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ይችላል፤ ብዙ ወገኖቻችንም በዋሺንግተንና በሌሎች ከተሞች እንዲህ አድርገዋል። ነገር ግን ያ ፈቃድ በዚያ ለሚኖር ሰው የተሰጠ ነው፤ አስቀድሞ ሳያስፈቅድ ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው ሊያጣው ይችላል። ስለዚህ እናት አገራቸው ሲናፍቃቸው ለጥቂት ጊዜ መጥተው፣ ወረቀቱ እንዳይበላሽ ተብለው ተመልሰው ይሄዳሉ። በዚያም ልጅና ምራት ለሥራ ሲወጡ፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር፣ በረዶው መስኮቱን ሸፍኖት፣ ስልኩን እየተመለከቱ ይውላሉ። አንድ ሰው በምቾት ውስጥ ሊታሰር እንደሚችል ያልገባው ካለ ይህን ይመልከት።

ለዚህ ነገር መጻሕፍት ሁለት ምስክር ይሰጡናል። ንጉሥ ዳዊት ከአቤሴሎም በሸሸ ጊዜ ገለዓዳዊው ቤርዜሊ በመሃናይም ስንቅ አቀረበለት። ዳዊትም በተመለሰ ጊዜ ውለታውን አስቦ በኢየሩሳሌም ከእኔ ጋራ ኑር፣ እኔም እመግብሃለሁ አለው። ቤርዜሊ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነበረ። የምግቡን ጣዕም የማይለይና የዘፋኙን ድምፅ የማይሰማ ሰው በንጉሥ ቤት ምን ያደርጋል ብሎ፣ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ ይሞት ዘንድ እንዲለቀው ለመነ፤ በእርሱም ፈንታ ከመዓምን ሰጠው። ልብ እንበል፤ ዳዊት ንጉሥ ነበረ፣ ሊያስገድደውም ይችል ነበር። ነገር ግን ስሞ መርቆ ወደ ስፍራው ሰደደው። ደግነቱንም በዚያ አላቆመም፤ በሚሞትበት ጊዜ ለቤርዜሊ ልጆች ቸርነት ያደርግ ዘንድ ሰሎሞንን አዘዘው። እንዲህ ያለው መጦር ያልመጣውን ሽማግሌ አልረሳም።

ሁለተኛው ምስክር ዮሴፍ ነው። እርሱ አባቱን በእውነት አምጥቶታልና፣ ማምጣት ሁሉ ክፉ ነው እንዳንል ይከለክለናል። ነገር ግን እንዴት እንዳመጣው እንመልከት። ያዕቆብ ዕድሜው 130 ዓመት ነበረ፤ የመጣውም ልጆቹን፣ የልጅ ልጆቹንና ከብቱን ሁሉ ይዞ ነው። በመንገድም በቤርሳቤህ ቆሞ መሥዋዕቱን ሠዋ እንጂ እንደ ዕቃ ተጭኖ አላለፈም። ዮሴፍ አባቱን ለራሱ ቅርብ በሆነው በጌሤም፣ ለበግና ለከብት በምትሆነው ምድር አኖረው፤ በግብፅ አዳራሽ ማዕዘን አላስቀመጠውም። በፈርዖን ፊት ባቆመውም ጊዜ ሽማግሌው ንጉሡን ባረከ፤ ክብሩ ከእርሱ ጋራ ተሻግሯልና። በዚያም 17 ዓመት ኖረ፤ በሞተም ጊዜ ልጁ እንደ ማለለት በአባቶቹ መቃብር ቀበረው። እንግዲህ የዛሬው ከተሜ ዮሴፍን መሰልሁ ከማለቱ በፊት ጌሤሙን ያሳየን።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ «አባቴ የደም ብዛት ይዞአቸዋል፤ እናቴ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል፤ በአገራችን ሐኪም የለም። ታዲያ በፍልሰት ፈርቼ በዚያ ይሙቱ ልበል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ለሕክምና መምጣትና ቤት ነቅሎ መምጣት ሁለት ነገር ነው። የዓይን ሞራ በሐኪም ይገፈፋል፤ ሲገፈፍ ሰውየው አገሩን አይቶ ይደሰት ዘንድ መመለስ ይገባዋል። የደም ብዛት መድኃኒት በየቀኑ የሚወሰድ ነው፤ እርሱን የሚያስታውስ የጎረቤት ልጅ፣ በየጊዜው የሚለካ ጤና ጣቢያ፣ የማይቋረጥ ስንቅ ያስፈልገዋል እንጂ የግድ አራተኛ ፎቅ አያስፈልገውም። አእምሮው መርሳት ለጀመረ ሽማግሌም የለመደው ቤት ራሱ ምርኩዙ ነው፤ በሩ ወዴት እንደ ሆነ በማያውቀው ቤት ሲያድር ግራ መጋባቱ ይብሳል። አልጋ ላይ ለዋለና ብቻውን ለቀረ ወላጅ ግን ማምጣት የግድ ይሆናል። ያን ጊዜም የግድ መሆኑ፣ እንዴት የሚለውን ጥያቄ አያስቀርም።

ይህን ስናገር በስተኋላ ፈገግ የሚል ሌላ ሰው ይታየኛል። እርሱም «እኔስ ብዬ ነበር፤ አልመጣም አሉ» ብሎ፣ ለፋሲካ አንድ በግ ከመላክ በቀር ዓመቱን ሁሉ የማይጠይቅ ልጅ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእርሱ መሸሸጊያ አይሆነውም። ወላጅ አልመጣም ማለታቸው «ተወኝ» ማለት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ተወላጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ሕጉ ግን የመጨረሻው ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም። ያለ ፈቃዳቸው ያመጣቸውና በእምቢታቸው ያመካኘው ሁለቱ በአንድ ነገር ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም የወላጆቻቸውን ቃል እስከ ፍጻሜው አልሰሙም።

እንግዲህ ምን ይሁን? አስቀድሞ ይጠየቁ። ጥያቄውም አንድ ቀን በቡና ላይ የሚነሣና ወዲያው የሚቆረጥ አይሁን፤ ወላጅ ልጁን ላለማሳዘን «እሺ» ማለት ልማዱ ነውና፣ እሺታው በዝምታው ይመዘን። ቀጥሎ ለጥቂት ወራት መጥተው ይዩት፤ ዓመት እስኪሞላ ድረስ በሬው አይሸጥ፣ ቤቱም አይፍረስ። ቢመጡ ከልጅ ቤት ውስጥ ይልቅ በልጅ ቤት አጠገብ፣ በምድር ቤት፣ የራሳቸው በር ባለው ክፍል፣ ደወል በሚሰማበት ብቻ ሳይሆን በእግር በሚደረስበት ስፍራ ይኑሩ። በሳምንቱ ውስጥ ከንስሐ አባትና ከሰንበቴ ጋራ ይገናኙ፤ በሰፈሩ ዕድር ይመዝገቡ፤ በአገር ቤቱ ዕድርም መዋጮው አይቋረጥ። በእጃቸው የራሳቸው ገንዘብ ይኑር፤ ለምጽዋት እንኳ ልጅን የሚለምን አባት ጌታ መሆኑ ቀርቷል። በየዓመቱ ለአገራቸው ንግሥ ይሂዱ። የሚቀበሩበትም ስፍራ አፍ አውጥተው ሳይለምኑ፣ ልጅ ራሱ ቀድሞ ቃል ይግባላቸው።

ከዚህም በፊት ሦስተኛው መንገድ ይታሰብ። ከባላገሩ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ መካከሉ ባዶ አይደለም። ጤና ጣቢያ፣ ገበያና መብራት ያለው የወረዳው ከተማ ብዙ ጊዜ ከቀያቸው የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በዚያ በተከራየ ቤት ሽማግሌው ሐኪሙንም ዘመዱንም ያገኛል። ልጆች ብዙዎች ከሆኑም አንዱ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ባሕር ዳር ዝውውር ቢጠይቅ፣ ሌሎቹ ደግሞ ወጪውን ቢከፋፈሉለት ምን ይጎዳል? ሁልጊዜ የሚነቀለው ሥሩ የጠለቀው ዛፍ፣ የማይነካው ትናንት የተተከለው ችግኝ የሆነበትን ምክንያት የሚነግረኝ አላገኘሁም።

የመጨረሻው ቃሌ ለአመስጋኞች ነው። ካህናት አባቶች ሆይ፣ የከተማ ሽማግሌዎች ሆይ፣ አንድ ሰው ወላጆቹን አመጣሁ ብሎ ሲነግራችሁ ምስጋናውን ጥቂት አቆዩት። ወደ ቤቱ ግቡና አባትየውን ለብቻቸው «እንዴት ነዎት፣ ውሎዎ ምንድን ነው፣ ማን ይጠይቅዎታል?» በሏቸው። እናትየውንም ከልጃቸው ፊት ሳይሆን ለብቻቸው ጠይቁ። ከእነርሱ አፍ መልካም ነገር ብትሰሙ ያን ጊዜ ልጁን መርቁት፤ ምርቃቱ ይገባዋል። አንገታቸውን ደፍተው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ብለው ዝም ቢሉ ግን፣ ዝምታቸውን ለልጁ ተርጉሙለት። እነርሱ ልጃቸው እንዳይከፋ ብለው አይነግሩትምና።