የአደባባይ ስክሪን ቃል ይቀበል

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 ኬኦስ ኮምፒዩተር ክለብ የተሰኘው የጀርመን ማኅበር የተመሠረተበትን 20ኛ ዓመት ሲያከብር፣ በበርሊን አሌክሳንደርፕላትስ አደባባይ ዳር በሚገኘው የመምህራን ቤት በተባለው ሕንፃ ላይኞቹ ስምንት ፎቆች፣ ከ144ቱ መስኮቶች በስተጀርባ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ መብራት አቁሞ፣ ሁሉም በአንድ ኮምፒዩተር ትእዛዝ እንዲበሩና እንዲጠፉ በማድረጉ፣ ያ ግዑዝ ሕንፃ ሌሊት ሌሊት ሥዕል የሚሣልበት ሰሌዳ ሆነ። ከዚህም ሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ፣ በአደባባዩ የቆመ መንገደኛ በኪሱ በያዘው ተራ ሞባይል ደውሎ፣ ቁልፎቹን በመጫን ብቻ፣ ፖንግ የተባለውን የኳስ ጨዋታ በሕንፃው ገጽ ላይ ለመጫወት፣ ወይም ለወዳጁ አስቀድሞ ያዘጋጀውን የፍቅር ሥዕል በመስኮቶቹ ላይ ለማብራት መቻሉ ነው። የስልክ ቁልፍ ሁሉ ሲጫኑት የሁለት ቃናዎች ድምር የሆነ የራሱን ድምፅ ያሰማልና፣ ያን ድምፅ ለይቶ ለሚያውቅ ኮምፒዩተር ይህ በቂ ትእዛዝ ነው፤ መተግበሪያ መጫን፣ ኢንተርኔት መክፈት አያስፈልግም።

ይህን ማንሣቴ፣ በመስቀል አደባባይና በሌሎችም የአዲስ አበባ ስፍራዎች ታላላቅ ስክሪኖች ከተተከሉ ወዲህ፣ ቃላቸው እንደ ነጋሪት አዋጅ ወደ ሕዝቡ ብቻ የሚወርድ፣ አላፊ አግዳሚውም ቀና ብሎ ከመመልከት በቀር ድርሻ የሌለው ሆኖ ስለማየው ነው። አደባባይ የሁላችን ርስት ነውና፣ በዚያ የበራ ብርሃን የባለ ርስቱን ቃል ሊቀበል ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ መንገደኛንና ስክሪንን ለማገናኘት የሚመረጠው ኪውአር ኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ የመኪና ዕቃዎችን ለመከታተል የፈለሰፈው ድንቅ ጥበብ መሆኑ ባይካድም፣ ካሜራና ኢንተርኔት የሌለው ስልክ የያዘውን ወገን ከደጅ ያስቀረዋል። ደግሞም ዓይን አንብቦ የማይረዳው ጽሕፈት በመሆኑ፣ ወዴት እንደሚመራ ሳያውቁ መከተልን ግድ ይላል፤ ሐሰተኛውን በእውነተኛው ላይ ለጥፈው የሰው ገንዘብ የዘረፉ ክፉዎችም በልዩ ልዩ አገር ታይተዋል።

ሕዝቡ እንደ ልቡ ይጻፍበት ቢባል ነውርና ስድብ ይወጣበታል የሚሉ አሉ፤ ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ከቀረቡለት የጥንት ፎቶግራፎች፣ ዜማዎችና ግጥሞች ቀጥሎ የትኛው እንደሚቀርብ ደውሎ በስልኩ ቁልፍ እንዲመርጥ፣ ልጆችም በየተራቸው እንዲጫወቱ ቢፈቀድ ማንን ይጎዳል? ብቻ ጥሪው ሲያበቃ የደዋዩ ቁጥር ይደምሰስ፤ ክፍያውም በስክሪኑ ባለቤት እንጂ በደዋዩ ሂሳብ ላይ አይሁን።