ዲፍቴሪያ ሰንዳፋ ሳይደርስ

ከመገናኛ ተነሥቶ በአያትና በለገጣፎ በኩል ሰንዳፋ ለመድረስ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ግን የሕፃናት ክትባት ነገር ይለወጣል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባቶቻቸውን በሙሉ የጨረሱት በአዲስ አበባ 89 በመቶ ነበሩ፤ በኦሮሚያ ክልል 25 በመቶ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተደረገው አነስተኛ ጥናትም የአገሪቱን አማካይ ከ39 ወደ 43 በመቶ ብቻ ከፍ ብሎ ነው ያገኘው። የክልል አማካይ ገጠሩንና ከተማውን አደባልቆ ስለሚያቀርብ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በትክክል የት ላይ እንዳሉ ከዚህ ቁጥር አይነበብም። እነዚህ ከተሞች ግን ከየገጠሩ የሚመጣውን ቤተሰብ ተቀብለው ያኖራሉ፤ በየማለዳውም ብዙ ሠራተኛ ወደ አዲስ አበባ ሸኝተው ማታ ይቀበላሉ። በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ከዚህ የተመቸ መንገድ የለም።

የጋዜጣችን አቋም ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች የሚያድጉ ልጆች እንደ አዲስ አበባ ልጆች በክትባት እስኪሸፈኑ ድረስ የመዲናዋ ከፍተኛ ሽፋንም አስተማማኝ አይደለም። ይህን ክፍተት ለመዝጋት የመጀመሪያውን ታማሚ መጠበቅ የለብንም።

ይህን ስንል በሰንዳፋ የዲፍቴሪያ ወረርሽኝ ገብቷል ማለታችን አይደለም። የሚያሳስበን በጎረቤት የምናየው ነው። ሶማሊያ እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ድረስ ባለው የፈረንጆቹ 2025 ወራት ብቻ ከ1,600 በላይ የዲፍቴሪያ ታማሚዎችንና 87 ሞትን መዝግባለች፤ የታማሚዎቹ ቁጥር በቀደመው ዓመት በሙሉ ከተመዘገበው ወደ እጥፍ የተጠጋ ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ የመን ጦርነቱ የጤና አገልግሎቷን ካፈረሰባት በኋላ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዚሁ በሽታ ጋር ስትታገል ኖራለች። በናይጄሪያ ትልቋ የሰሜን ንግድ ከተማ ካኖ በ2023 እ.ኤ.አ. የተነሣው የዲፍቴሪያ ወረርሽኝ ደግሞ ለእኛ ከሁሉም የበለጠ ትምህርት አለው። ታማሚዎቹ በአብዛኛው ሕፃናትና ወጣቶች፣ በአብዛኛውም ክትባት ያልተሟላላቸው ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለዚያው ዓመት ባወጡት ግምት፣ የዲፍቴሪያ፣ የመንጋጋ ቆልፍና የትክትክ ክትባትን አንድ ጊዜ እንኳ ያላገኙ የኢትዮጵያ ሕፃናት 917,000 ነበሩ። በዚህ ቁጥር በዚያ ዓመት ከናይጄሪያና ከሕንድ ቀጥለን ሦስተኛ ነበርን። የኩፍኝ ወረርሽኝ በቅርብ ዓመታት በየክልሉ እየተመላለሰ ሲነሣ ያየን ሁሉ ያልተከተቡት ልጆች በወረቀት ላይ ብቻ ያሉ እንዳልሆኑ እናውቃለን።

ብዙ ወላጅ፣ ብዙ ወጣት ሐኪምም ጭምር፣ ዲፍቴሪያን በዐይኑ አላየውም። ይህ የክትባቱ ውለታ ነው፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ዲፍቴሪያ ወይም ዘጊ አነዳ በባክቴሪያ የሚመጣ ሕመም ሲሆን፣ ከታማሚው በሳል፣ በማስነጠስና በቅርብ ትንፋሽ ይተላለፋል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያው ከገባ በኋላ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። አጀማመሩ ያዘናጋል። ትኩሳቱ ከፍ ያለ አይደለም፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ልጁ ምግብ ይጠላል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ አንዳንዴ ከአፍንጫው ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ይወርዳል። ከዚያ በቶንሲሉና በጉሮሮው ግድግዳ ላይ ግራጫ መልክ ያለው ወፍራም ሽፋን ይለጠፋል። ሽፋኑ እንደ ተራ መግል ተጠርጎ አይነሣም፤ ሊያነሡት ሲሞክሩ ይደማል። ሕመሙ ሲጠና አንገት ከመንጋጋ ሥር ጀምሮ ያብጣል፤ ሽፋኑ ወደ አየር ቧንቧ ከወረደ ትንፋሽ ይዘጋል። እግርና እጅ ላይ የሚወጣ፣ በግራጫ ሽፋን ተከድኖ አልድን የሚል ቁስልም የዚሁ በሽታ ሌላ መልክ ሊሆንና ወደ ሌሎች ሊያስተላልፍ ይችላል።

አንድ ልጅ ጉሮሮዬን አመመኝ ሲል በሰንዳፋም ሆነ በሱሉልታ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው ቃል ዲፍቴሪያ አይደለም። «ብርድ ነው»፣ «ቶንሲል ነው»፣ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባላል። ከዚያ ወይ ከመድኃኒት መደብር ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ይገዛል፣ ወይ ልጁ እንጥል ወደሚቆርጡ ሰዎች ይወሰዳል። እንጥል ማስቆረጥ በአገራችን በሕፃናት ላይ ከሚፈጸሙ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አንዱ መሆኑ ለዓመታት ተነግሯል፤ ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ያስከትላል። በዲፍቴሪያ የታመመ ልጅ ላይ ሲፈጸም ጉዳቱ ይከፋል። ያበጠና የሚደማ ጉሮሮ በስለት ይነካል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይመለሱ ቀናት ይባክናሉ። ወላጆችን በዚህ አንወቅስም። የሚያዩት ምልክት ከሚያውቁት ሕመም ጋር ይመሳሰልባቸዋል፤ ልዩነቱንም በባትሪ ብርሃን አሳይቶ የነገራቸው ባለሙያ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ከሚያስተምሩት መካከል ይህ እንዲገባ እንጠይቃለን፦ ጉሮሮው ላይ ግራጫ ሽፋን የታየበት፣ አንገቱ ያበጠ ወይም ሲተነፍስ የሚያቃስት ልጅ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም እንጂ ወደ ሌላ ቦታ አይወሰድም።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ባክቴሪያው ስለሚያመነጨው መርዝ ነው። መርዙ በደም ተጉዞ ልብን፣ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል። እንደ ፔኒሲሊንና ኤሪትሮማይሲን ያሉ ፀረ ባክቴሪያዎች ተሕዋሲውን ገድለው መተላለፉን ያቆማሉ፤ አስቀድሞ የተረጨውን መርዝ ግን አይነኩትም። መርዙን የሚያመክነው ፀረ መርዝ ሴረም ብቻ ነው፤ እሱም የሚሠራው መርዙ ወደ ሰውነት ሴሎች ከመግባቱ በፊት ከደረሰ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በምልክቱ ከጠረጠረ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ ሴረሙን ይሰጣል፤ ናሙናው አስቀድሞ ይወሰዳል፣ ውጤቱ ኋላ ይመጣል። ክትባት ያላገኙና በወጉ ያልታከሙ ታማሚዎች 30 በመቶ ያህሉ ሊሞቱ እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ ትንንሾቹ ልጆች ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ።

ይህ ሴረም አዲስ ግኝት አይደለም። ጀርመናዊው ኤሚል ፎን ቤሪንግ የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት በ1901 እ.ኤ.አ. ያገኘው በዚሁ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎም መድኃኒቱ የሚዘጋጀው ከፈረስ ደም ነው። በዓለም ላይ የሚያመርቱት ድርጅቶች ጥቂት ናቸው፤ በሽታው ሲቀንስ ገበያው ጠብቦባቸው ብዙዎቹ ትተውታል፤ ወረርሽኝ ሲነሣ ደግሞ አገሮች አንድ ላይ ይሻሙበታል። ሕመሙ ከገባ በኋላ ማዘዝ እንግዲህ ለመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች አይደርስም። በቂ ክምችት አስቀድሞ ተገዝቶ በአዲስ አበባ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊቀመጥ ይገባል። ከፈረስ የሚገኝ በመሆኑ አንዳንድ ሰው ላይ ከባድ አለርጂ ስለሚያስነሣ፣ አስቀድሞ የመፈተሽና አደጋ ቢፈጠር የመርዳት ልምድ ያለው ሐኪም ያለበት ሆስፒታልም ተለይቶ መታወቅ አለበት።

ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ጉሮሮው ነጽቶ፣ መብላት ጀምሮ፣ ድኗል የተባለ ልጅ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ በልብ ጉዳት በድንገት ሊሞት ይችላል። ከሳምንታት በኋላም ሲጠጣ ውኃው በአፍንጫው ሊመለስ፣ ዐይኑ ሊደበዝዝበት፣ እግሩ ሊዝል ይችላል። ስለዚህ ልጁ ቢሻለውም ዕረፍቱንና ክትትሉን አያቋርጥ፤ መድኃኒቱን የታዘዘለትን 14 ቀን ይጨርስ። ታሞ መዳን አስተማማኝ መከላከያ ስለማይሰጥ ሲያገግም ክትባቱን መውሰድ አለበት። አብረውት የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ ምልክት ባይታይባቸውም ተፈልገው መከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፣ የክትባት ሁኔታቸውም ይፈተሻል። በአንድ ግቢ ስድስትና ሰባት ተከራይ በሚኖርባቸው ሰፈሮች ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ የጤና ባለሙያ ሳይሸማቀቅ በየበሩ መግባት አለበት።

መከላከያው በእጃችን ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት ፕሮግራሟን በ1972 ዓ.ም. ጀመረች፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታቫለንት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ጭን ላይ ይወጋል። በሽታው በማኅበረሰብ ውስጥ እንዳይዛመት ከ80 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑ ሕፃናት ሦስቱንም መውሰድ አለባቸው። በ2011 ዓ.ም. ጥናት ሦስተኛውን ፔንታቫለንት የወሰዱት በአገር አቀፍ ደረጃ 61 በመቶ ነበሩ።

ሦስቱ ክትባቶች ደግሞ ዕድሜ ልክ አይቆዩም። ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያ ምድር ከ150,000 በላይ ሰው ሲታመምና 5,000 ያህሉ ሲሞት፣ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ የልጅነት ክትባታቸው የተዳከመባቸው አዋቂዎች ነበሩ። ሐኪምና ሆስፒታል ያልጎደለበት አገር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁለተኛው ዓመት፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት እና ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ሦስት ማጠናከሪያዎች እንዲሰጡ ይመክራል። የአገራችን መርሐ ግብር ሦስቱን ገና አልያዘም። ጤና ሚኒስቴር ቢያንስ የመጀመሪያውን በ15 ወር ከሚሰጠው ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት ጋር አጣምሮ እንዲጀምር እንጠይቃለን። እናቲቱ በዚያ ቀን ልጇን ይዛ መጥታለች፤ ሌላ ቀጠሮም አያስፈልግም።

ወደ ሰንዳፋ እንመለስ። በእነዚህ ከተሞች ልጅ ከክትባት የሚቀረው ብዙ ጊዜ ወላጁ እምቢ ስላለ አይደለም። ቤት ኪራይ ሲጨምር ቤተሰቡ ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ፣ ከቡራዩ ወደ ሰበታ ይዛወራል፤ የመጀመሪያው ክትባት በአንዱ ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ይቀራል፣ ሁለተኛው አይሰጥም፣ ልጁን ፈልጎ የሚመጣ የለም። ካርዱ በጓዝ መሐል ይጠፋል፤ ካርድ የጠፋባት እናትም እንዳይቆጧት ፈርታ ትቀራለች። ፋብሪካና አበባ እርሻ የምትሠራ እናት ደግሞ ክትባቱ የሚሰጥበት ሰዓት ሥራ ላይ ናት፤ አንድ ቀን መቅረት የቀን ደመወዟን ያስቆርጣታል።

እነዚህ ችግሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ካርድ የጠፋበት ልጅ ሌላ ካርድ ይጻፍለት፤ ክትባት ያቋረጠ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና አይጀምርም፣ ማንም ዘገየህ ተብሎ ሊመለስ አይገባም። ቅዳሜና እሑድ፣ ከተቻለም አመሻሽ ላይ ክትባት ይሰጥ፤ አሠሪዎችም ለእናቶች የሁለት ሰዓት ፈቃድ ያለ ቅጣት ይስጡ። የነዋሪነት መታወቂያ ለክትባት መስፈርት አይሁን። የአዲስ አበባ ጤና ቢሮና የኦሮሚያ ጤና ቢሮ የድንበር ተሻጋሪ ሕፃናትን መዝገብ በጋራ ይያዙ፤ አዲስ አበባ ጀምሮ ሰንዳፋ የቀረውን ልጅ ሁለቱም ያውቁት። የአስተዳደር ወሰን ክርክር የራሱ መድረክ አለው፤ የ14 ሳምንት ሕፃን ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ለጤና ጣቢያ ነርሶችና ለጤና መኮንኖች የበሽታውን ፎቶግራፍና አጭር መመሪያ ያድርስ፤ የተጠረጠረ ሕመም በዚያው ዕለት ሪፖርት ይደረግ። አንዲት የሰንዳፋ ነርስ እኩለ ሌሊት ላይ ግራጫ ሽፋን ያለበት ጉሮሮ ብታይ፣ ሴረሙ በየትኛው ሆስፒታል እንዳለ፣ አምቡላንሱን ከማን እንደምትጠራና ልጁን ማን እንደሚቀበለው በአንድ ስልክ ልታውቅ ይገባል። ጤና ሚኒስቴር የሆስፒታሎቹን ዝርዝርና የስልኩን ቁጥር በይፋ ያውጣ። ሲያወጣ በዚሁ ገጽ እናትመዋለን።