የሽልማት ሚዛን የማን ሚዛን ነው?

በዶርሞቻችን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞር አንድ ዝርዝር አለ። «ለኦስካር የታጩ ምርጥ የጥንት ፊልሞች» ይላል። እኛም ዝርዝሩን እንደ ዳዊት እንደግመዋለን። ማታ ማታ፣ ይኼኛው ከዚያኛው ይበልጣል፣ ያኛው ሽልማቱን ተቀማ፣ ይኼኛው ሳይገባው ወሰደ እየተባባልን እንከራከራለን። ክርክሩ ደግ ነው። የቆየን ፊልም መልሶ ማየትና ማወዳደር ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚገባ ሥራ ነው። ነገር ግን ከመከራከራችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ለመሆኑ ዝርዝሩን ማን ጻፈው? በምንስ ሚዛን መዘነው? ሚዛኑ ላይ ጭራሽ ያልወጣውስ የትኛው ነው?

እኛ ያለነው ቦንጋ ነው፤ በከፋ ምድር የሚዛን ነገር ለማንም እንግዳ አይደለም። ቡናው ከጫካ ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ በጆንያ ታስሮ መጋዘን ሲደርስ ቀማሹ ይቀምሰውና ደረጃ ያወጣለታል። ደረጃው ገዢው ምን እንደሚወድ ይነግረናል። የለቀመችው ሴት ስንት ቀን ጫካ እንደዋለች ግን አይነግረንም። ደረጃ ይቅር የሚል ሞኝ የለም፤ ያለ ደረጃ ገበያ የለምና። ዳሩ ግን ጆንያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቦ ቡናውን የጠጣ የመሰለውን ሰው ምን እንበለው? የፊልም ዝርዝር ይዘን የምንከራከር እኛ እርሱን እየመሰልን ነው።

ነገሩን በአንድ ዓመት እንመርምረው። (ዓ.ም. ካላልን በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1976 በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ለኦስካር የታጩት አምስት ነበሩ፤ ከጣሊያን «ሰባት ቆንጆዎች»፣ ከፈረንሳይ «ኩዜን ኩዚን»፣ ከፖላንድ «ሌሊቶችና ቀኖች»፣ ከምሥራቅ ጀርመን «ውሸታሙ ያዕቆብ»፣ ከአይቮሪ ኮስት ደግሞ «ጥቁርና ነጭ በቀለም»። አሸናፊው የአይቮሪ ኮስቱ ሆነ። አፍሪካ አሸነፈች ተባለ። እስቲ ረጋ ብለን እንየው። አዘጋጁ ዣን ዣክ አኖ ፈረንሳዊ ነው። የፊልሙ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የታሪኩ ዋና ሰዎችም ፈረንሳዮች ናቸው። ከዚያ ቀደም በ1969 ያሸነፈው የአልጄሪያው «ዜድ» ነበር። የእርሱም አዘጋጅ ኮስታ ጋቭራስ የግሪክ ተወላጅ፣ ታሪኩ የግሪክ ፖለቲካ፣ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነው። ሁለቱም የሚናቁ ፊልሞች አይደሉም። «ዜድ» የመንግሥት ሰዎች ያቀነባበሩትን ግድያ ያጋለጠ ጀግና ሥራ ነው። ነገር ግን በእነዚህ ሁለት ድሎች ውስጥ ስለ ራሱ የሚናገር አፍሪካዊ የት አለ?

በዚያው በ1976 የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ለዓለም ታየ፤ በሎካርኖም ተሸለመ። ኃይሌ የጎንደር ልጅ፣ የጸሐፊው የገሪማ ታፈረ ልጅ ነው። በ1974፣ ንጉሡ ከዙፋን በሚወርዱበት ዘመን፣ ገና በካሊፎርኒያ ተማሪ ሳለ መጥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በ16 ሚሊሜትር ቀረጸው። ተዋንያኑ ገበሬዎች ነበሩ። የእነርሱ ፊልም በቀለም፣ የእኛው በጥቁርና ነጭ! ከኢትዮጵያ ፊልም መርጦ ወደ ኦስካር የሚልክ ስላልነበረ «ምርት» ሚዛኑ ላይ አልወጣም። ከአገራችን የመጀመሪያው የተላከው በ2010 ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራው «አትሌቱ» ነው። ስለዚህ ያ የምናከብረው ዝርዝር የተላኩትን እንጂ የተሠሩትን አይመዝንም። ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ሁሉ ተመዝኖ የቀለለ ይመስለናል፤ ዕውቀት የምንለውም ይህንኑ ነው።

አሁን ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በአኖ ፊልም፣ በአንድ የምዕራብ አፍሪካ ጣቢያ የሚኖሩ ፈረንሳዮች በአውሮፓ የዓለም ጦርነት መነሣቱን ዘግይተው ይሰማሉ። ትናንት ጎረቤት የነበሩትን ጀርመኖች ለመውጋት ይነሣሉ፤ በግድ የሚመለመለውና የሚሞተው ግን አፍሪካዊው ነው። ፊልሙ በነጮቹ ይስቃል፣ ሳቁም መራራና እውነተኛ ነው። ነጮቹን ተሸክመው የሚሄዱት ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው እየዘፈኑ ይሰድቧቸዋል፤ ነጮቹ ግን ቋንቋውን አያውቁም። ድንቅ ትዕይንት ነው። ታዲያ ዘፈኑ ሲያልቅ ተሸካሚው ወዴት ሄደ? ቤቱ ማን ይጠብቀዋል? ማታ ምን በላ? ካሜራው አብሮት አልሄደም።

«ምርት» የሚጀምረው ካሜራው ካልሄደበት ከዚያ ቤት ነው። የጭሰኛው ቤተሰብ ማልዶ ይነሣል፣ በሬ ይጠመዳል፣ ይታረሳል። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይቆጣል። እረኛዋ ልጅ ላሟን ከጎርፍ አድናለሁ ስትል ውሃ ይወስዳታል። መሬቱን የተነጠቀውና «እብድ» የሚባለው ከበበ በመጨረሻ ባለመሬቱን ይገድለዋል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ አይቸኩልም። «ኧረ ይኼ ነገር ይጎተታል!» የሚሉ ጓደኞች አሉን። የሚጎተተውማ ሞፈሩ ነው፣ ጓደኞቻችን! የጭሰኛን ቀን በሦስት ደቂቃ አሳጥሮ፣ ዘፈን አልብሶ ማሳየት ቀላል ነው። ያ ግን የጭሰኛው ቀን አይሆንም።

ይህ ፊልም ለከፋ ልጅ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1897 ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ በኋላ የከፋ ገበሬ ለመጣው ሹምና ወታደር በገባርነት ተደልድሏል። የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ብዙ ቤት የባለመሬቱን ፊት እያየ ነው የኖረው። ያን ዘመን ያዩ አዛውንቶች ዛሬም በየመንደራችን አሉ። የትኛው የኦስካር ዳኛ ነው ከእነርሱ ይልቅ «ምርት»ን ሊመዝን የሚችለው?

«ሽልማት እኮ ተመልካች ያመጣል» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ያመጣል። የኃይሌ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ባያገኝ ኖሮ ስንቶቻችን ስሙን እንሰማ ነበር? «ላምብ» በ2015 ለካን መመረጡ ለአገራችን በር ከፍቷል። በሩን እናመሰግናለን። በር ግን ሚዛን አይደለም። «ድፍረት» በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት አግኝቶ መጣ፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤት ያለችው ታሪኩ የእኔ ነው ያለች ሴት ነበረች። እገዳው በኋላ ቢነሣም ጥያቄዋ አልተነሣም፤ ታሪክ የማን ነው? ይህን ጥያቄ የበርሊን ጭብጨባ ሊመልሰው አይችልም።

ወደ ኃይሌ እንመለስና ሁለቱን ሥራዎቹን እናወዳድር። ብዙዎቻችን «ጤዛ»ን እናስበልጣለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንበርብር እኛን ይመስላል። ተምሮ፣ ጀርመን ደርሶ፣ አብዮቱን አምኖ፣ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር የሚመለስ የተማረ ሰው ነው። ስቃዩን ስናይ ለራሳችን እናለቅሳለን። «ጤዛ» ትልቅ ፊልም ነው፣ ይህን አንክድም። እኛ ግን «ምርት» ይበልጣል እንላለን። «ጤዛ» የተማረው ሰው ምን ደረሰበት ብሎ ይጠይቃል፤ «ምርት» ግን የተማረው ሰው የበላው እንጀራ ከማን ጀርባ መጣ ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል፤ በሽልማቱ ዝርዝርም የለም።

ሆኖም በሌላው ላይ ያነሣነውን ሚዛን በራሳችን ላይ ካላነሣን ክርክራችን የውሸት ነው። አኖን «አፍሪካዊው የሚናገረው ለአንድ ዘፈን ያህል ብቻ ነው» ብለን ወቅሰናል። «ምርት»ም «ጤዛ»ም የሚናገሩት በአማርኛ ነው። በገባርነት የኖረች የከፋ እናት ግን ባለመሬቷን የረገመችው በካፊኖኖ ነው። የእርሷ ቋንቋ በኢትዮጵያ ሲኒማ ውስጥ የአንድ ዘፈን ያህል እንኳ ቦታ አግኝቷልን? ነገ ከመካከላችን አንዱ ካሜራ ቢያነሣ በየትኛው ቋንቋ ሊያናግራት ነው? በርሊን በሚገባት ወይስ እርሷ በሚገባት?

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ዝርዝሩ ይቀመጥ፣ ፊልሞቹ ይታዩ። በአንድ ቅዳሜ «ጥቁርና ነጭ በቀለም»፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ «ምርት»፣ በሦስተኛው «ጤዛ» ይታይ። በ«ምርት» ቀን አዛውንቶችን እንጋብዝ፤ ካፊኖኖ የሚችል ተማሪ አጠገባቸው ተቀምጦ ያስተርጉምላቸው። ሲያልቅ መጀመሪያ እነርሱ ይናገሩ፣ እኛ ደብተር ይዘን እንስማ። ከዚያ በኋላ የትኛው ይበልጣል ብለን እንከራከር። የሚቃወመን ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ግን ፊልሞቹን አይቶ ይምጣ።