ከዘመድ በፊት ፈቃዱን አስቡ፦ ለወጣት የሕግ ባለሙያዎቻችንና ለቤተሰቦቻቸው

አገር ቤት በሕግ ተመርቀው፣ ጥቂት ዓመት በዓቃቤ ሕግነት፣ በዳኝነት ወይም በጥብቅና ሠርተው አሜሪካ የሚገቡ ልጆች አሉን። ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ከወዳጅ ዘመድ የሚሰሙት ምክር ተመሳሳይ ነው፤ «ሕግ የአገር ቤት ሙያ ነው፣ እዚህ አይሠራም። ቶሎ ብለህ ነርሲንግ ወይ አይቲ ተማር።» ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን ብዙዎችን ከሙያቸው ያለ በቂ ምክንያት አስወጥቷል። ስለዚህ ሕግን የምትወዱ ልጆች ይህን ምክር ከመቀበላችሁ በፊት ጉዳዩን አንድ በአንድ እንድታዩት እለምናችኋለሁ።

እርግጥ ነው፣ ሕግ እንደ ሕክምና ድንበር አይሻገርም። የልብ በሽታ ጎንደርም ሚኒያፖሊስም ያው ነው፤ የውል ሕግ ግን ይለያያል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ባረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1678 መሠረት ተዋዋዮቹ ችሎታና ጉድለት የሌለው ፈቃድ ካላቸው፣ ጉዳዩ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ ከሆነ፣ ሕግ ያዘዘው ፎርም ካለም ከተጠበቀ ውል አለ። አሜሪካ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ ቃል የገባው ሰው በልዋጩ ምን አገኘ? ኮንሲደሬሽን የሚሉት ይህን ነው። የጥብቅና ፈቃድ በሚያስገኘው የባር ፈተና ላይ አንድ አጎት ለእህቱ ልጅ «ስለምወድህ አሥር ሺህ ዶላር እሰጥሃለሁ» ብሎ ጽፎ ይፈርማል እንበል። የእኛ ተመራቂ ወዲያው የሚያስበው ስለ ስጦታ ውልና ስለ ፎርሙ ነው። ፈታኙ የሚፈልገው ደግሞ አጎትየው በምላሹ ያገኘው ነገር እንደሌለና ተስፋው በመሠረቱ በፍርድ ቤት እንደማያስገድድ እንዲጻፍለት ነው።

ይህ ልዩነት ግን በትምህርት የሚሞላ ነው። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ነገርም አለ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። የሰበር ውሳኔ ቅጾችን እያገላበጠ ያደገ ወጣት ቀደምት ፍርድን አንብቦ ከያዘው ጉዳይ ጋር ማነጻጸር አዲስ አይሆንበትም። ክስ ያረቀቀ፣ ፍርድ የጻፈ፣ የምስክር ቃል የመዘነ ሰው የሙያውን ዋና ነገር ይዞ ነው የመጣው።

ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው ከዚህ በኋላ፣ ቦታ ሲመረጥ ነው። አሜሪካ አንድ የሕግ ገበያ የላትም፤ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። እኛ ዘመድ ያለበት እንወርዳለን፣ አፓርትመንት እንከራያለን፣ አቅራቢያችን ያለ ትምህርት ቤት እንመዘገባለን። ደንቡን የምናነበው በመጨረሻ ነው። መሆን ያለበት የዚህ ተቃራኒ ነው።

ኒው ዮርክን እንይ። የውጭ አገር ዲግሪ የሚመዘነው በቆይታውና በይዘቱ ነው። የአምስት ዓመቱ የእኛ ኤልኤልቢ በቆይታ አይቸገርም፤ ጎዶሎ የሚባለው በይዘት ነው፣ መሠረቱ የእንግሊዝ ኮመን ሎው ስላልሆነ። ይህን ጉድለት ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው፣ አሜሪካ ውስጥ በአካል ተገኝተው የሚማሩት ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ይሞላዋል። በውስጡም የሙያ ሥነ ምግባር፣ የሕግ ጥናትና ጽሑፍ፣ የአሜሪካ ሕግ መግቢያና በፈተናው የሚመጡ ትምህርቶች የግድ መኖር አለባቸው። ማንኛውም ኤልኤልኤም ይበቃል ብሎ በሰብዓዊ መብት ወይም በዓለም አቀፍ ሕግ ብቻ የተመረቀ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ለፈተናው ብቁ ሳይሆን ሊቀር ይችላል። ክፍያው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነውና ከመመዝገባችሁ በፊት የኮርሱን ዝርዝር ከደንቡ ጋር አስተያዩ። ደንብ ስለሚቀያየርም ከጓደኛ ወሬ ይልቅ የስቴቱን የፈተና ቦርድ ጠይቁ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በሌላ መንገድ ትሄዳለች፤ በአገሩ የጥብቅና ፈቃድ ያለውና መልካም ይዞታ (ጉድ ስታንዲንግ) ላይ የሚገኝ ጠበቃ ተጨማሪ የሕግ ትምህርት ሳይጠየቅ ለፈተና መቀመጥ ይችላል። አገር ቤት ያላችሁ ታናናሾቻችን ፈቃዳችሁን፣ የመልካም ይዞታ ደብዳቤውንና ትራንስክሪፕታችሁን ከመምጣታችሁ በፊት አዘጋጁ። እዚህ ሆኖ ከሬጅስትራር ወረቀት ማስላክ ወራት ይፈጃል።

አንድ ስቴት ያገኛችሁት የፈተና ነጥብ ወደ ሌላ ሊሻገር ይችላል። ወጥ በሆነው የባር ፈተና ኒው ዮርክ፣ ዲሲና ሜሪላንድ 266 ሲጠይቁ ቴክሳስ 270፣ ሚኒሶታ 260 ይጠይቃሉ። ልብ በሉ፣ የሚሻገረው ነጥቡ ነው እንጂ የትምህርት መስፈርቱ አይደለም። ለኒው ዮርክ የበቃ ኤልኤልኤም ለዲሲ ላይበቃ ይችላል። ፈተናው ራሱም እየተለወጠ ነው፤ በጁላይ 2026 አዲሱን ፈተና ቀድመው እንዲጀምሩ ከተወሰነላቸው ስቴቶች አንዷ ብዙ ወገን ያለባት ሜሪላንድ ናት።

ለንደን ያላችሁ መንገዳችሁ ሌላ ነው። ከ2021 ወዲህ ሶሊሲተር ለመሆን የሚወሰደው ፈተና ለውጭ አገር ጠበቆችም ክፍት ነው፤ ፈቃድ ያለው ሰው ከሁለት ዓመቱ የሥራ ልምምድ ነጻ ሊሆን ይችላል። ካናዳ ያላችሁም ከሁሉ በፊት ብሔራዊ የዕውቅና ኮሚቴው ትምህርታችሁን ገምግሞ የትኞቹን ፈተናዎች እንደምትወስዱ እንዲነግራችሁ አድርጉ።

ፈቃድ የትም ይውጣ፣ መኖሪያ ግን ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የኢሚግሬሽን ሕግ ፌዴራል ስለሆነ ኒው ዮርክ ፈቃድ ያወጣ ጠበቃ አሌክሳንድሪያ ለሚኖር ደንበኛ በጥገኝነት ጉዳይ መቆም ይችላል፤ ለፍቺው ወይም ለመኪና አደጋው ግን አይችልም። እኛ ደግሞ ይህ ባለሙያ እጅግ ያስፈልገናል። በጥሬ ገንዘብ «ኬዝ እጽፋለሁ» የሚሉ፣ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች የስንቱን ወገን የጥገኝነት ማመልከቻ እንዳበላሹ ሰምተናል። ለማመልከቻው በሕግ የተቀመጠው የአንድ ዓመት ገደብም በእነሱ ቀጠሮ ያልፋል። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው በር አለ፤ የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ዕውቅና በሰጠው በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ራሱም ዕውቅና ያገኘ ሰው ጠበቃ ባይሆንም ስደተኛን መወከል ይችላል። ባር እስኪያልፍ ለሚጠብቅ ወጣት ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም።

እዚህ ላይ ቤተሰቦችንም አደራ የምላቸው ነገር አለ። እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ቅጥር ግቢው ውስጥ አንዲት እናት ከቦርሳቸው የታጠፈ ደብዳቤ ያወጣሉ፤ «ልጄ፣ አንተ ዳኛ ነበርክ አሉ፣ እስቲ ምን ብዬ ልመልስላቸው?» ልጁ ደብዳቤውን አንብቦ ይተርጉምላቸው፣ የቀጠሮውን ቀን ያሳያቸው፣ ፈቃድ ወዳለው ጠበቃ ይላካቸው። ምን ብለው እንዲመልሱ ግን አይምከራቸው፣ ቅጹንም በራሱ ፍርድ አይሙላላቸው። ያለ ፈቃድ የሕግ ምክር መስጠት የተከለከለ ነው፤ ለጥብቅና ፈቃድ የሚደረገው የጠባይ ምርመራ ላይ ሲደርስም ሊጠየቅበት ይችላል። ያ ምርመራ የሠራችሁበትን፣ የኖራችሁበትን፣ ያልተከፈለ ዕዳችሁን፣ ግብራችሁን ሳይቀር ያያል። ኡበር የምትነዱ ትኬታችሁን በጊዜው ክፈሉ፣ በካሽ ያገኛችሁትን አስመዝግቡ። የተደበቀ ነገር ከጥፋቱ በላይ ይጎዳል።

ይህን ሁሉ ገና በጠዋቱ አድርጉት የምለው ምክንያት አለኝ። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሠራ ሰው እንደ ጀማሪ መቆጠር አይከብደውም። ልጆች ከተወለዱ፣ የቤት ዕዳ ከመጣ በኋላ ግን ለፈተና ሁለት ሦስት ወር ሥራ ማቆም ለብዙዎች የማይቻል ይሆናል። አሁን ኤልኤልኤም ላይ ያለ ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ከሜይ እስከ ጁላይ መጨረሻ የኪራዩን ድርሻ ያዙለት፣ ሕፃናቱን ጠብቁለት፣ የዕቁቡን ዕጣ ቀድማችሁ ስጡት። ዕድሮቻችንም ለዚሁ የሚሆን መጠነኛ ብድር በዘንድሮው ስብሰባቸው አጀንዳ አድርገው ያቅርቡ።